ብሪጁን ሳላቅቅ የጊታሩ ፊት አብሮ ተነሳብኝ፤ ምን ይሻላል?

ጦሳ ሥር (ማክሰኞ ማታ)

ሰላም ለቤቱ። ደሴ ነው ያለሁት። የአጎቴን የድሮ አኮስቲክ ጊታር እየጠገንኩ ነው። ብሪጁ (ክሮቹ የሚያዙበት፣ ፊቱ ላይ የተለጠፈው እንጨት) ከኋላ በኩል ተነስቶ ነበር። ክሮቹ ሲወጠሩ በሥሩ ማስመሪያ የሚያስገባ ክፍተት ይታያል።

ክሮቹን ፈታሁ። በእርጥብ ጨርቅ ላይ ካውያ አድርጌ ብሪጁን አሞቅሁት። ከዚያ በቀለም ቀቢ እስፓቱላ ቀስ እያልኩ ገባሁ። በግራም በቀኝም ሸጋ አድርጎ ለቀቀ። መሀሉ ግን ወይ ፍንክች! ትንሽ ጫን ሲባል "ጧ" አለና ተነሳ። ሲነሳ ግን የፊቱን እንጨት ይዞ ነው። ሁለት አውራ ጣት ጎን ለጎን ቢቀመጡ የሚሸፍኑት ቦታ ተቦጭቋል። ገሚሱ ስንጣሪ ብሪጁ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል፣ ገሚሱ ጠረጴዛው ላይ ነው። አንዱ ጎን ላይ ደግሞ ስንጣሪው ከብሪጁ ውጭ ወጣ ብሎ ቫርኒሹን ገሽልጦታል።

አጎቴ ኮምቦልቻ ነው የሚኖረው። በጥር ሰርግ አለ፤ በዚህ ጊታር ካልተጫወተ ሰርግ የሄደ አይመስለውም። የጎረቤት ልጅ "ጉድጓዱን ሰጋቱራ በኢፖክሲ ለውሰህ ሙላው፣ ብሪጁን ጫንበት፣ አለቀ" ብሎኛል። ኢፖክሲው ተገዝቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ዛሬ ማታ ልጨርሰው ነው። የሚቃወም አለ?

---

ቦርከና ማዶ (ማክሰኞ ማታ)

አለ እንጂ! እኔ አለሁ። ኢፖክሲውን ክደንና መሳቢያ ውስጥ ክተተው።

አብሽር፣ ጊታሩ አልሞተም። ብሪጅ ሲነሳ እንጨት ይዞ መውጣቱ ጠጋኞች ሁሉ የሚያውቁት ነገር ነው። የሚያበላሸው ቀጥሎ በድንጋጤ የሚደረገው ነው። ኢፖክሲና ሰጋቱራ አንዴ ከደረቀ በኋላ ነገ "ትንሽ ወደ ግራ ሄዷል" ብትል መመለሻ የለህም። ደግሞ ሰጋቱራ የጅማት ጥንካሬ የለውም። ጉድጓድ ይሞላል እንጂ ጉልበት አይሸከምም። ብሪጅ ሥር ደግሞ የሚፈለገው ጉልበት ነው።

አሁን የምጠይቅህን ብቻ መልስልኝ።

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ስንጣሪ አልጠረግከውም አይደል? አንዷም ብትሆን እንዳትጣል። ፖስታ ውስጥ ክተታት።

የተቦጨቀውን ቦታ በስልክ መብራት ከጎን አብርተህ ፎቶ አንሳው። ከላይ ካበራህ ጉድጓዱ ጠፍጣፋ ይመስላል፣ ምንም አይታይም። ከታች የተጋለጠው እንጨት ጅማቱ ወዴት ነው የሚሄደው? ወደ ክሮቹ አቅጣጫ ነው ወይስ አግድም?

በድምፅ ቀዳዳው በኩል ውስጥ የተለጠፈ ወረቀት ካለ ምን ይላል?

ብሪጁ ላይ ሁለት ነጫጭ ክብ ነጠብጣቦች ነበሩ?

---

ቶሎ ቶሎ (ማክሰኞ ማታ)

ኧረ ምን አስጨነቃችሁ። ሱፐር ግሉ አፍስስበት፣ አምስት ደቂቃ ቁጭ በልበት፣ ያዘ ማለት ነው። እኔ ጋ የመጣ ጊታር ሁሉ በሱፐር ግሉ ነው የወጣው።

---

ቦርከና ማዶ (ማክሰኞ ማታ)

@ቶሎ ቶሎ ወንድሜ፣ ስንቱ ተመልሶ መጣ?

ሱፐር ግሉ ለጸጉር ስንጥቅ ይሆናል፤ አልጠላውም። ግን ሲደርቅ ደረቅና ተሰባሪ ነው። ጊታር ሲወድቅ ወይም ሲንገጫገጭ ቶሎ ይለቃል። ሲለቅ ደግሞ ከዚህ የባሰ እንጨት ይዞ ነው። ማላቀቂያው አሴቶን ነው። አሴቶን ደግሞ የድሮ ቫርኒሽ ይበላል። በዚህ ላይ የሚሠራው ሰው ብሪጁን አስተካክሎ ለማስቀመጥ ፋታ ያስፈልገዋል፣ ሱፐር ግሉ ፋታ አይሰጥም።

---

ጦሳ ሥር (ረቡዕ ጠዋት)

እግዜር ይስጥልኝ። ኢፖክሲው መሳቢያ ገብቷል።

ስንጣሪው አለ፣ አልተጠረገም። ፎቶዎቹን አያይዣለሁ። ጅማቱን ሳየው ገረመኝ። ላዩ ወደ ክሮቹ አቅጣጫ ነው። የተቦጨቀው ሥር ግን አግድም ነው የሚሄደው። እንዲያውም ለየት ያለ እንጨት ይመስላል፣ ጠቆር ይላል።

ወረቀቱ ላይ "ያማሃ"፣ ከሥሩ "ኒፖን ጋኪ" ይላል። ቁጥሩ ተፍቋል።

ነጫጭ ነጠብጣቦቹ ነበሩ። እኔ ጌጥ ናቸው ብዬ ነበር። አንዱ ሲነሳ ወልቆ ወደቀ። ሥሩ የብሎን ጭንቅላት አለ! ሁለተኛው ብሎን ደግሞ ብሪጁ ሲነሳ ከዳዶው ተመዝዞ ወጥቷል። "ጧ" ያለው ያ ነው ማለት ነው?

---

ቦርከና ማዶ (ረቡዕ ጠዋት)

እሱው ነው። በዚያ ዘመን ከጃፓን ፋብሪካ የወጡ ብዙ ጊታሮች ብሪጃቸው በኮላ ብቻ አይያዝም። በሁለት ብሎንም ይታሰራል። ጭንቅላቱን በነጭ ክብ ይሸፍኑታል። ዳዶው ከውስጥ ነው፣ በድምፅ ቀዳዳ እጅ አስገብቶ ይፈታል። ነጠብጣቡን በምላጭ ጫፍ አንስተው ብሎኑን ካልፈቱ እንዲህ ያለ ብሪጅ አይነሳም። ጎኖቹ ለቀው መሀሉ እምቢ ያለህም በዚህ ነው። ሌላ የድሮ ጊታር ያላችሁ ይህን አንብባችሁ ዛሬውኑ ነጠብጣቡን እዩ።

ወረቀቱ ስለ ዕድሜው ይናገራል። ኩባንያው "ኒፖን ጋኪ" የሚለውን ስሙን ትቶ "ያማሃ ኮርፖሬሽን" የተባለው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ስለዚህ ጊታሩ ከዚያ በፊት የተሠራ ነው። ምናልባት አጎትህ በደርግ ጊዜ ያገኘው ይሆናል።

ስለ ጅማቱ ያልከው ደግሞ ዋናው ነገር ነው። ላዩ በቁመት፣ ሥሩ በአግድም ከሄደ ፊቱ ኮምፔርሳቶ ነው። ሦስት ስስ ንጣፍ ተደራርቦ የተሠራ። አንተ የቦጨቅከው የላይኛውን ንጣፍ ብቻ ነው። ያ ንጣፍ ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሚሊሜትር አይበልጥም። ሁለቱ የታችኞቹ ንጣፎች እንዳሉ ናቸው። የጊታሩን ሆድ በስተሃል ብለህ ፈርተህ ከሆነ፣ አልበሳኸውም።

ሙሉ ጣውላ ቢሆን ኖሮ የተቦጨቀው ሥርም ጅማቱ ወደ ክሮቹ ይሄድ ነበር። ያኔ ቁስሉ ወደ ጥልቀት እየሰመጠ ነው የሚሄደው፤ ጭንቀቱም ሌላ ነበር። ሌላ ሰው ጋ ይህ ቢገጥም ቶሎ የሚለየው በድምፅ ቀዳዳው ጠርዝ ነው። የላዩ መስመር በጠርዙ በኩል ወደ ታች ከቀጠለ ሙሉ ጣውላ ነው። ጠርዙ ላይ ንጣፍ ንጣፍ ሆኖ ከታየ ኮምፔርሳቶ ነው።

---

የሰኞ ገበያ ልጅ (ረቡዕ ከሰዓት)

ሰላም። ጊታር አስተምራለሁ፣ ጥገና ላይ እጄ ሩቅ ነው። አንድ ነገር ግን ልጠይቅ። አጎትህ ምን ዓይነት ክር ነው ያሰረበት? እዚህ ሱቅ የተገኘውን ወፍራም የብረት ክር ይገዙና ያስሩበታል። በሳጥን የሚመጡት ክሮች ላይ የቀጭኗ ክር ቁጥር ተጽፏል። 12 የሚለው ሙሉ ሲቃኝ ስድስቱ ክር ተደምሮ ወደ 70 ኪሎ ይስባል። 13 የሚለው ከ80 ያልፋል። 10 የሚለው 60 አካባቢ ነው። ብሪጁ ያን ሁሉ ሰው የሚያህል ክብደት ቀንና ሌሊት ተሸክሞ ነው የሚያድረው። ከኋላ ተነስቶ ቢገኝ ምን ይገርማል?

ከሁሉ የሚያናድደኝ ደግሞ የናይለን ጊታር ላይ የብረት ክር የሚያስሩ ናቸው። የናይለን ክር የሚስበው 40 ኪሎ አካባቢ ብቻ ነው። ጊታሩ ለዚያ ነው የተሠራው። ከዚያ "ሆዱ አበጠ" ብለው ይመጣሉ። (ያንተ የብረት ነው፣ ይህ አይመለከትህም። ግን አንጀቴ ስላረረ ነው።)

---

ጦሳ ሥር (ረቡዕ ማታ)

አመሰግናለሁ እህቴ። የክሩ ሳጥን የለም። ግን ሌላ ጊታር ላይ ካለው ጋር ሳስተያየው የአጎቴ ወፍራም ነው።

---

ገበቴ (ረቡዕ ማታ)

ልጆች እንዴት አመሻችሁ። ክራርና በገና ነው የምሠራው፣ ጊታርም አልፎ አልፎ ይመጣልኛል።

እኔ አንድ ሌላ ሐሳብ አለኝ። በእኛ መሣሪያ ላይ ብርኩማው አይለጠፍም። ክሮቹ ራሳቸው ተጭነው ይይዙታል። መሳቡን የሚችለው ሌላ ቦታ ነው። ጊታሩም ላይ እንዲሁ ማድረግ ይቻላል። ከኋላ ጫፉ ላይ የብረት ጅራት ይታሰርና ክሮቹ እዚያ ይያዛሉ። ብሪጁ ላይ የሚቀረው ወደ ታች መጫን ብቻ ነው። የተቦጨቀውም ቦታ ከመሳብ ያርፋል። ልጄ፣ ስትቸኩል ይህም መንገድ ነው።

---

ቦርከና ማዶ (ረቡዕ ማታ)

ጋሼ፣ መንገዱ ልክ ነው፤ ፊቱ ጨርሶ ለደከመ ጊታር እኔም እመክረዋለሁ። ለዚህኛው ግን አይመስለኝም። አንደኛ፣ ድምፁ ይለወጣል። ጅራት ያለው ጊታር ድምፁ አጠር ደረቅ ይላል፣ አጎቱ የለመደው ያን አይደለም። ሁለተኛ፣ የዚህ ብሪጅ ክር መያዣው በፒን የሚገባ ነው። ለጅራት ሌላ ብሪጅ መሥራት ሊያስፈልግ ነው። ሦስተኛ፣ ቁስሉ ላይ ላዩን ነው። መጀመሪያ እሱን እንሞክር። ካልያዘ የእርስዎ መንገድ አይጠፋም።

---

ገበቴ (ሐሙስ ጠዋት)

ይሁን፣ አንተ ያየኸውን አይተህ ነው። እንግዲያው እንጨቱ ላይ ልርዳችሁ።

የጠፋው ንጣፍ ቦታ በእንጨት ነው የሚተካው። ዝግባ ውሰድ። ዝግባ ጅማቱ ቀጥ ያለ ነው፣ ቋጠሮ የሌለበትን ምረጥ። በተሳለ መላጊያ በረዥሙ ላገው። የመጀመሪያዎቹን ፍቅፋቂዎች ጣላቸው። መላጊያውን ትንሽ ወጣ አድርገህ ስትልግ ወፈር ያለ ፍቅፋቂ ይወጣል፣ ተጠቅልሎ። ሙቅ ውሃ አስነካውና በሁለት ጣውላ መሀል ተጭኖ ይደር፣ ይዘረጋል። ውፍረቱ ከተቦጨቀው ንጣፍ ጋር እኩል እስኪሆን ሞክር። ስስ ከሆነ ሁለት ደርብ። ጅማቱን ግን ወደ ክሮቹ አድርገው፤ አግድም ከሆነ ልፋትህ ከንቱ ነው።

ቀለሙ አያስጨንቅህ። ብሪጅ ሥር ነው፣ ማን ያየዋል።

ዋንዛ እንዳትጠቀም። ለክራር ገበቴ ወደር የለውም፣ ለዚህ ግን ጅማቱ ወደ ፈለገው ይዞርብሃል። ብሪጁ ራሱ ተሰንጥቆ ከሆነ ደግሞ ከወይራ አዲስ እሠራልሃለሁ። ወይራ ከባድና ጥብቅ ነው፣ የውጭውን ጥቁር እንጨት አያስመኝም።

---

ጦሳ ሥር (ሐሙስ ከሰዓት)

ጋሼ ከልብ አመሰግናለሁ። ብሪጁ ደህና ነው፣ አልተሰነጠቀም። የሚያስጨንቀኝ ሥሩ ላይ ተጣብቆ የቀረው ስንጣሪ ነው። ቆርቁሬ ላውጣው ወይስ በብርጭቆ ወረቀት ልፋቀው?

---

ቦርከና ማዶ (ሐሙስ ማታ)

በብርጭቆ ወረቀት እንዳትነካው! እሱ የጊታሩ ቆዳ ነው። ከዝግባም ከምንም የተሻለ መጣፊያ እሱ ነው፣ ቦታው ላይ ልክክ ይላል።

እንዲህ ነው የሚደረገው። ብሪጁን ገልብጠህ ስንጣሪውን ፎቶ አንሳው። የትኛው የት እንደነበር እንዳይጠፋህ በእርሳስ ምልክት አድርግ። ሰፊ ስስ ቢላዋ ወይም የተቀጠነ እስፓቱላ አሙቅ። እጅህን የሚያቃጥል እንጂ እንጨት የሚያጠቁር አይሁን። በኮላውና በስንጣሪው መሀል በጅማቱ አቅጣጫ አስገባ። ኮላው ሲሞቅ ይላላል፣ ስንጣሪው በአንድ ሉክ ይነሳል። ሳይሞቅ ማንሳት ያልበሰለ እንጀራ ከምጣድ ለማንሳት እንደመታገል ነው፣ ተቀዳዶ ነው የሚመጣው። ኮላው እምቢ ካለ ሙቅ አቼቶ በጥጥ አስነካው። ነጭ ኮላ ከሆነ ይለሰልሳል።

እንፋሎትም የሚጠቀሙ አሉ። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ያም ከበቂ በላይ ነው። ነጭ ኮላም የድሮ የቆዳ ኮላም ከ70 ሳይዘል ይላላል። ኮምፔርሳቶ ግን ውሃና እንፋሎት ሲጠጣ ንጣፎቹ ራሳቸው ይለያያሉ። ስለዚህ በደረቅ ሙቀት ሥራ። ካውያው ላይ ያደረግኸውንም እርጥብ ጨርቅ ከአሁን በኋላ ተወው።

---

ሐረጎ ቁልቁለት (ሐሙስ ማታ)

ከውጭ እየተከታተልኩ ነው። ቁልፍ ጥያቄ፦ ውስጡንስ አይታችኋል? ብሎኑ በጉልበት ሲመዘዝ ዳዶው ውስጥ ያለውን ጣውላ ይሰብራል። ብሪጁ ሥር፣ ከውስጥ በኩል፣ ጠፍጣፋ እንጨት አለ። እሱ ተሰንጥቆ ላዩን ብታሳምረው ምን ዋጋ አለው?

---

ቦርከና ማዶ (ሐሙስ ማታ)

ተባረክ፣ ይህን መጀመሪያ ማለት የነበረብኝ እኔ ነኝ።

@ጦሳ ሥር ትንሽ የእጅ መስተዋት ፈልግ። በድምፅ ቀዳዳው አስገባና በስልክ መብራት እይ። ብሎኑ የወጣበት ቀዳዳ ዙሪያ ምን ይመስላል? ከዚያ ከውስጥ ያሉትን ደጋፊ ዘንጎች ተከትለህ ፊቱን በጣት ጉልላት ኳ ኳ አድርግ። አንድ ቦታ ላይ ሲርገበገብ ከተሰማ እዚያ ዘንጉ ለቋል። ስስ ወረቀት በዘንጉ ሥር የሚገባ ከሆነ እርግጥ ነው።

---

ጦሳ ሥር (ዓርብ ማታ)

ታየ። የውስጡ ጠፍጣፋ እንጨት አልተሰነጠቀም። ብሎኑ በወጣበት ቀዳዳ ዙሪያ ግን ተቦርቡሯል፣ ዳዶው የነበረበት ሮንዴላ ትንሽ ሰምጦ ነበር። አንድ ዘንግ ላይ ወረቀቱ ከጫፉ በኩል ጥቂት ገባ፣ ከዚያ ቆመ። ሌሎቹ ደህና ናቸው።

ስንጣሪዎቹ ተነስተዋል! አንዷ ብቻ ለሁለት ተከፈለች። ፖስታው ውስጥ ካለው ጋር ሲገጣጠም የጉድጓዱን አብዛኛውን ክፍል ይሸፍናል። የቀረውን በዝግባ ፍቅፋቂ እሞላለሁ።

አሁን የኮላው ነገር። የቱን? የጎረቤት ልጅ ኢፖክሲውን አልረሳውም፣ በየቀኑ ይጠይቀኛል።

---

ቦርከና ማዶ (ዓርብ ማታ)

ነጭ የእንጨት ኮላ፣ አዲስ የተከፈተ። ሱቅ ጥግ ዓመት የቆየውን አትግዛ።

የድሮው ኮላ ከሁለቱም በኩል ተፍቆ ይለቅ። ነጭ ኮላ በደረቀ ነጭ ኮላ ላይ አይይዝም፣ ንጹሕ እንጨት ነው የሚፈልገው። ከብሪጁ ጠርዝ ሥር ቫርኒሽ ካለ እሱም ይነሳ። ፋብሪካዎች አንዳንዴ ጠርዙን ከነቫርኒሹ ይለጥፉታል፣ መነሳት የሚጀምረውም ከዚያ ነው። ከብሪጁ ጥላ እንዳትወጣ ግን በምላጭ መስመር አስምርለት።

ብርዱን አትርሳ። ታኅሣሥ ነው። ደሴ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። አብዛኛው ነጭ ኮላ ከዚያ በታች እንደ ኖራ ነጭ ሆኖ ይደርቃል፣ ጉልበት የለውም። ከሰዓት ፀሐይ ባለበት ክፍል ለጥፈው፣ ማታ ብርድ ልብስ አልብሰው። ከከሰል አጠገብ እንዳታስቀምጠው ብቻ፣ የቀረውንም ኮላ ያላላብሃል።

---

የሰኞ ገበያ ልጅ (ዓርብ ማታ)

ከምግብ ጀላቲን የቆዳ ኮላ የሚሠሩ አሉ ሲባል ሰምቻለሁ። ለጊታር እሱ ነው የሚሻለው ይላሉ። እውነት ነው?

---

ገበቴ (ቅዳሜ ጠዋት)

እውነት ነው። ጀላቲን ከቆዳ ኮላ ጋር አንድ ዘር ነው፣ የጠራ ነው እንጂ። ጣዕምና ስኳር የሌለበት መሆን አለበት። በቀዝቃዛ ውሃ ይነከራል፣ ከዚያ ዕቃውን ሙቅ ውሃ ውስጥ አድርጎ 60 ዲግሪ አካባቢ ይያዛል። ከፈላ ጉልበቱ ይጠፋል። ሲደርቅ ጥብቅ ነው፣ ወደፊት ሲፈለግም በሙቀት ይነሳል። እኔ እወደዋለሁ።

ግን እጅ ይጠይቃል። ቀዝቀዝ ሲል ወዲያው ይረጋል። በደሴ ታኅሣሥ ብሪጁንም ፊቱንም ሳታሞቅ ከሞከርክ ሳታስቀምጠው ይረጋብሃል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሠራ ልጅ ነጩ ይሻለዋል። ቦርከና ልክ ነው።

---

ጦሳ ሥር (ቅዳሜ ከሰዓት)

የማይገባኝ ማጥበቁ ነው። በድምፅ ቀዳዳ ገብቶ ብሪጁ ጋ የሚደርስ ሞርሳ ቧንቧ ውሃ ሰፈርም ፒያሳም ጠየቅሁ፣ የለም። የአናጺ ሞርሳ አፉ አጭር ነው።

---

ቦርከና ማዶ (ቅዳሜ ማታ)

ሞርሳህ ብሎኖቹ ናቸው። ሥራውን ግን በሁለት ክፈለው።

መጀመሪያ ስንጣሪውንና ፍቅፋቂውን ለጥፍ። ኮላውን በጥቂት ውሃ አቅጥነው፣ በሲሪንጅ አስገባ። ስንጣሪዎቹን በምልክትህ መሠረት አስቀምጥ። ላዩ ላይ የፌስታል ቁራጭ አድርግ፣ አለበለዚያ መጫኛው ጣውላ አብሮ ይጣበቃል። ከዚያ ቀጥ ያለ ጣውላ። ጣውላውን በትራፓኖ በብሎኖቹ ልክ ብሳና እነሱን አሳልፈህ እሰር። ከውስጥ ሰፋ ያለ ሮንዴላና ቁራጭ እንጨት ይግባ፣ የሰመጠው ቦታ ላይ ዳዶው ብቻውን እንዳያርፍ። የላላውንም ዘንግ በዚያው በሲሪንጅ ኮላ አጠጣው፣ ከሥሩ ትንሽ ድጋፍ አስገባለት።

ሲደርቅ ቦታውን ደልድለው፣ ሰፊ እንጨት ላይ በተለጠፈ ብርጭቆ ወረቀት። በጣት አይሁን፣ ጣት ጎድጓዳ ያወጣል። ከዚያ ብሪጁን ያለ ኮላ አስቀምጠህ በዙሪያው ስስ ወረቀት ሞክር። የትም የማይገባ ከሆነ ተዘጋጅቷል። የሚገባ ከሆነ ብርጭቆ ወረቀቱን ፊቱን ወደ ላይ አድርገህ ጊታሩ ላይ ዘርጋና ብሪጁን እላዩ ላይ ፈትግ። የብሪጁ ሥር የጊታሩን ሆድ ቅርጽ ይይዛል።

ቦታውን ብሎኑና የፒኑ ቀዳዳ ይነግሩሃል። ግን ለካ። ከላይኛው ክር መደገፊያ እስከ 12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው አግድም ብረት) ያለውን ለካ። ከ12ኛው ፍሬት እስከ ብሪጁ አጥንት (ክሮቹ የሚያርፉበት) ያለው ከእሱ ጋር እኩል ሆኖ ጥቂት ሚሊሜትር ይበልጣል፣ በወፍራሙ ክር በኩል ደግሞ ትንሽ ጨምሮ። ከዚያ ካነሰ መቃኘቱ እስከ ዕድሜ ልክ ያስቸግርሃል።

ሁለተኛው ማጥበቅ ብሪጁን ራሱን ነው። ብሎኖቹ መሀሉን ይይዛሉ፣ ሁለቱ ጫፎች ግን ነጻ ናቸው። ጊታሩን ጠረጴዛ ሥር አስገባ። በሁለቱ ጫፎች ላይ ጨርቅ ያለበት ቁራጭ እንጨት አድርግ። ከጫፎቹ እስከ ጠረጴዛው ሆድ የቀርከሃ ስንጥቅ ትንሽ አጎንብሰህ ወጥር። ሊቀና ሲታገል ይጫናል። ከውስጥ ግን ከጀርባው እስከ ብሪጁ ሥር ልክክ የሚል ድጋፍ ይኑር። ያለ ድጋፍ ከጫንክ ሁለተኛ ጥፋት ነው።

ሲጠብቅ በዙሪያው ኮላ ቦግ ቦግ ብሎ መውጣት አለበት። ካልወጣ አንሷል። በእርጥብ ጨርቅ ወዲያው ጥረገው።

---

ቶሎ ቶሎ (ቅዳሜ ማታ)

ይህን ሁሉ አንብቤ ደከመኝ። ሱፐር ግሉ አምስት ደቂቃ ነው ያልኩት 😂

---

ሐረጎ ቁልቁለት (ቅዳሜ ማታ)

አንተ ደግሞ ስምህን ለውጥ 😂

---

ጦሳ ሥር (ረቡዕ ማታ፣ ሁለተኛ ሳምንት)

ዝም ያልኩት ኮላው እንዲደርቅ ነው። ስንጣሪውም ፍቅፋቂውም ያዘ። ገበቴ ጋሼ ጋ ዝግባ ልወስድ ሄጄ ቡና ጠጥተን መጣሁ፣ መላጊያውን የሳሉልኝ እሳቸው ናቸው። ብሪጁ ትናንት ከሰዓት ተለጥፏል። ቀርከሃው ሠራ። እናቴ ጠረጴዛው ሥር ስታየው "ይሄ ደግሞ ምን ታሞ ነው?" አለች።

ከብሪጁ ውጭ ቫርኒሹ የተገሸለጠበት ግን ይታያል። የጣት ጥፍር የምታህል ነች። ምን ላድርጋት?

---

ገበቴ (ረቡዕ ማታ)

ሼላክ (የቫርኒሽ ዓይነት ነው) በስፒሪት አሟሟና በቀጭን ብሩሽ ጠብ አድርግባት። ሲደርቅ ሌላ ጠብታ። ከዙሪያዋ ትንሽ ከፍ ስትል ተዋት፣ ሳምንት ይለፋት፣ ከዚያ በጣም ስስ በሆነ ብርጭቆ ወረቀት ውሃ አስነክተህ ደልድላት። ዙሪያውን እንዳትነካ። ጊታሩን በሙሉ ቫርኒሽ ልቀባው ካልክ ግን እኔና አንተ ተጣላን። ድምፁንም መልኩንም ነው የምታጠፋው።

---

የሰኞ ገበያ ልጅ (ረቡዕ ማታ)

ክር ስታስር 10 ወይም 11 የሚለውን ፈልግ። ደሴ ካጣህ አዲስ አበባ ላይ ዘመድ ካለህ በአውቶቡስ ይላክልሃል። መጀመሪያ አንድ ሙሉ ቶን (የሁለት ፍሬት ያህል ድምፅ) ዝቅ አድርገህ ቃኘው። በዚያ ብቻ መሳቡ ከአምስት አንድ እጅ ያህል ይቀንሳል። ጥቂት ቀን እንደዚያ ያድር፣ ከዚያ ከፍ ታደርገዋለህ። አጎትህ ከቸኮሉ በሁለተኛው ፍሬት ላይ ካፖ (ክሮቹን አንገቱ ላይ የሚጫን መቆንጠጫ) ያድርጉበት።

እንዲያውም ለሰርግ ዝቅ ማለቱ ሳይሻል አይቀርም። ባቲና አምባሰል ለሚዘፍን ሰው ጉሮሮው ያርፋል።

---

ጦሳ ሥር (ሰኞ ማታ፣ ሦስተኛ ሳምንት)

ክሩ ታሰረ። 11 ነው ያገኘሁት። አንድ ቶን ዝቅ ብሎ ነው ያለው። ድምፁ ከድሮው ለስለስ ብሏል፣ ምናልባት ክሩ ስለቀጠነ ይሆናል። አጎቴ በስልክ ሰማውና "ትዝታ በላት" አለኝ፣ በሐዘን ትዝታዋን ነው። ከዚያ "ክሮቹ ምነው ተኙ?" ብሎ ጠየቀ። ዝቅ ብሎ መቃኘቱን በጆሮው ብቻ ያዘው።

አንድ ነገር ግን አለ። በወፍራሙ ክር በኩል፣ ከኋላ ጥጉ ላይ፣ ስስ ወረቀት ትንሽ ይገባል። ከጥፍር ጫፍ አይበልጥም። ሲለጠፍ እዚያ ጋ ኮላ አልወጣም ነበር። እንደገና ላንሳው?

---

ቦርከና ማዶ (ሰኞ ማታ)

አታንሳው። የገባበት ድረስ ወረቀቱ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርግና ወረቀቱን አስቀምጠው። ከአሥር ቀን በኋላ በዚያው ወረቀት ለካ። እዚያው ከቆመ ተወው፣ እንደዚያ ሆነው ሃያ ዓመት የሚጫወቱ አሉ። ወደ ውስጥ ከሄደ ግን ክሩን አላላና ጻፍልኝ። ያኔ ኮላ በሲሪንጅ አስገብተን ጥጉን ብቻ እናጠብቃለን።

ኮምቦልቻ ሲወርድ ደግሞ ሻንጣውን መኪናው ኋላ ፀሐይ ላይ እንዳትተዉት። ከደሴ ወደ 600 ሜትር ዝቅ ይላል፣ ሙቀቱ ሌላ ነው። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ኮላ ይላላል።

---

ጦሳ ሥር (ሰኞ ማታ)

እሺ። እቅፌ ላይ ይዤው ነው የምወርደው። ነጠብጣቦቹን ግን መልሼ አልለጠፍኳቸውም፣ ብሎኖቹ እንደተገለጡ ናቸው።

---

ሐረጎ ቁልቁለት (ሰኞ ማታ)

ደግ አደረግህ። ከፖስታው ጋር ሻንጣው ኪስ ውስጥ ክተታቸው። በነገራችን ላይ የእኔ ጊታር ላይም ሁለት ነጫጭ አሉ፣ አሁን በምላጭ አንስቼ አየሁ። ከሥሩ ምንም የለም፣ ደረቅ እንጨት ነው 😅 አሁን ማን ነው መልሶ የሚለጥፍልኝ?

---

ቶሎ ቶሎ (ሰኞ ማታ)

ሱፐር ግሉ።

---

ቦርከና ማዶ (ሰኞ ማታ)

ለዚህስ እሺ፣ አንድ ጠብታ።